የባቄላው ሥር ጉጥ በጉጥ ሆኗል፤ በሽታ ነው ወይስ ምንድን ነው? (ወገራ)

የወገራ ልጅ | መስከረም 19፣ ከምሽቱ 3:10

እንዴት አመሻችሁ። የምኖረው ጎንደር ማራኪ ነው፤ ለመስቀል ግን ቤተሰብ ጋ ወጥቼ ነበር። አገራችን ከአምባ ጊዮርጊስ ወጣ ብሎ ነው። ዘንድሮ አባቴ ከቤት በታች ያለውን ማሳ ባቄላ ዘርቶበታል። እሸት ልንበላ ወረድን፤ የወንድሜ ልጆች እንደ ልማዳቸው ከነሥሩ እየነቀሉ ሲያመጡ ዓይኔ ሥሩ ላይ አረፈ። ጉጥ ብቻ ነው። አንዳንዱ የምስር ፍሬ ያክላል፤ አንዳንዱ ረዘም ብሎ ጫፉ እንደ ጣት ተከፋፍሏል።

የደነገጥኩት ያለ ነገር አይደለም። አምና ግቢያችን የተከልኩት ቲማቲም ልክ እንዲህ ሥሩ አብጦ ነው ደርቆ የቀረው። ለወንድሜ "ያ ነገር እዚህም ደርሷል" አልኩት። እሱም መድኃኒት ካልገዛሁ ብሎ ተነሣ። አባቴ ብቻ "ባቄላ ድሮም እንዲህ ነው" አለና ወደ እሸቱ ተመለሰ።

ግራ የገባኝ ግን ሌላ ነው። ማሳው ሦስት መልክ አለው። ላይኛው፣ ለቤቱ የሚቀርበው፣ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ደረቴ ድረስ ደርሷል፤ ነቅዬ ባየው ሥሩ ላይ ሁለት ሦስት ጉጥ ቢኖር ነው። መካከለኛው ደህና ነው፣ ጉጡ የበዛውም እሱ ላይ ነው። ታችኛው፣ ወደ ቦዩ የሚወርደው፣ ቢጫ ሆኗል፤ ጉጡም የሰናፍጭ ፍሬ የምታክል ናት። እንግዲህ ጉጥ የሌለበት ከሁሉ ካማረ፣ ጉጡ በሽታ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? የምታውቁ ቶሎ በሉኝ፤ ወንድሜ ለቅዳሜ ገበያ ወደ ጎንደር ሊወርድ ነው።

አዘዞ04 | 3:22

ኧረ በማርያም መድኃኒት እንዳትረጩ! አባትህ ልክ ናቸው።

የማክሰኚቱ | 3:40

አትቸኩሉ እንጂ። ቲማቲሙን የፈጀው ኔማቶድ ነው፣ በዓይን የማይታይ ትል። እኔም ቃሪያ ላይ አይቼዋለሁ። ኔማቶድ ባቄላንም አይምርም፤ "ድሮም እንዲህ ነው" ተብሎ ዝም የሚባል ነገር አይደለም።

መምህር ባዮ | 4:05

መለያው ቀላል ስለሆነ በክርክር ጊዜ አናጥፋ። የወገራ ልጅ፣ ጉጡን በጣትህ ገፋ አድርገው። ከሥሩ ጎን ላይ እንደ ኪንታሮት የተለጠፈ ሆኖ ተላቆ ከወደቀና ሥሩ ደህና ሆኖ ከቀረ፣ የአባትህ ነገር ነው። ኔማቶድ ከሆነ ግን ያበጠው ራሱ ሥሩ ነው፤ ጉጡን ላንሣ ካልክ ሥሩን መበጠስህ ነው።

ከዚያ በጥፍርህ ወይ በምላጭ ለሁለት ክፈለውና የውስጡን ቀለም ንገረኝ። ቀለሙን ሳላውቅ አንድ ቃል አልጨምርም።

የወገራ ልጅ | 4:50

ደግነቱ ለሰው ላሳይ ብዬ ከሦስቱም ቦታ ከነሥሩ በፌስታል ይዤ መጥቻለሁ። አሁን የሲኒ ማስቀመጫ ላይ አድርጌ በምላጭ ከፈልኩት።

ሲገፋ ይወድቃል፤ ሥሩ ምንም አልሆነም። የመካከለኛው ውስጡ ቀይ ነው! ጥሬ ሥጋ ነው የሚመስለው። ጥፍሬን ሳይቀር አቀለመው። ጫፉ ላይ ሮዝ ነው፤ ከሥሩ ጋ የተያያዘበት ግን ወደ አረንጓዴ ሄዷል። የታችኛው ደግሞ ነጭ ነው፣ እንደ ተላጠ ድንች። የላይኛውን ሁለቱን ጉጥ ከፍዬ እነሱም ነጣ ያሉ ናቸው። ባለቤቴ "በሲኒዬ ላይ ምን እያረድክ ነው" እያለችኝ ነው።

ጾመኛ ነኝ | 4:58

ውስጡ ቀይ ከሆነ ረቡዕና ዓርብ ባቄላ ልንተው ነው እንዴ 😂

መምህር ባዮ | 5:36

ጾመኛ፣ ሳታስበው ወደ እውነቱ ተጠግተሃል። ያ ቀይ ነገር ሌግሄሞግሎቢን ይባላል፤ ደማችንን የሚያቀላው የሄሞግሎቢን ዘመድ ነው፣ እንደሱ ብረት የያዘ። አንድ የአሜሪካ ኩባንያ የአኩሪ አተሩን ሌግሄሞግሎቢን በእርሾ እያመረተ ከዕፅዋት በተሠራ በርገር ውስጥ ይጨምረዋል፤ ሥጋ ሥጋ እንዲል። ደግሞም ያለው ሥሩ ላይ ነው እንጂ ፍሬው ላይ ስላልሆነ ሽሮህን ብላ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። በመጽሐፍ ኖድዩል ይሉታል፤ ጉጥ ብትሉትም አልጣላችሁም። በውስጡ ራይዞቢየም የሚባሉ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። ባቄላው ራሱ ነው ያስገባቸው፤ ሾልከው አልገቡም። ናይትሮጅን ሲያጥረው ሥሩ ፍላቮኖይድ የሚባል ኬሚካል ወደ አፈሩ ይለቃል። ይኼን የሚያውቀው የራሱ ዓይነት ባክቴሪያ በሌላ ኬሚካል ይመልስለታል። ያን ጊዜ የሥሩ ፀጉር እንደ ከዘራ ጫፉ ይቆለመማል፣ ባክቴሪያውን እቅፍ ያደርገዋል፤ ከዚያ ወደ ውስጥ ቀጭን ቱቦ ይሠራለትና በዚያ ይገባል። ውስጥ ያሉት የሥር ሴሎች መከፋፈል ይጀምራሉ፣ ጉጡ ያብጣል። ባክቴሪያዎቹም መልካቸውን ለውጠው ሥራ ይጀምራሉ።

ሥራው ምንድን ነው? አየሩ 78 በመቶ ናይትሮጅን ነው። ባቄላውም ገብሱም እኛም በውስጡ ተዘፍቀን እንኖራለን፣ ግን አንዳችንም አንቀምሰውም። ሁለቱ አተሞች በሦስት ማሰሪያ ስለተቆላለፉ ነው። ያንን ለመፍታት የማዳበሪያ ፋብሪካ ከ400 እስከ 500 ዲግሪ ሙቀትና ከተራው የአየር ግፊት ከ150 እስከ 200 እጥፍ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ጀርመናዊው ፍሪትስ ሀበር በ1909 በፈረንጅ በቤተ ሙከራ አሳየው፣ ካርል ቦሽ በ1913 ወደ ፋብሪካ አወጣው፤ የዛሬው ዩሪያ ሁሉ የዚያ ልጅ ነው። ባክቴሪያው ግን ይኼንኑ በወገራ ብርድ፣ ጭቃ ውስጥ ተቀምጦ ይሠራዋል።

አዘዞ04 | 5:41

"በወገራ ብርድ" 😅 መምህር ያውቁታል።

ሳጥናው | 5:49

መምህር፣ ነጩስ ለምን ነጭ ሆነ? እሱን ሳይነግሩን እንዳይተኙ።

መምህር ባዮ | 6:20

እሺ፣ ከሁሉ የምወደው ክፍል ስለሆነ ልጻፈው።

ናይትሮጅኑን የሚፈታው ኤንዛይም ናይትሮጅኔዝ ይባላል፤ ብረትና ሞሊብዲነም የሚባል ማዕድን አለበት። ችግሩ ኦክስጅን ከነካው ይበላሻል። ስለዚህ ኦክስጅን ይከልከል ትላላችሁ። ግን አንዷን የናይትሮጅን ሞለኪውል ለመፍታት ቢያንስ 16 ኤቲፒ ይፈጃል፤ ኤቲፒ ማለት የሴል ስንቅ ማለት ነው። ባክቴሪያው ይኼን ሁሉ ስንቅ የሚያዘጋጀው ደግሞ ባቄላው የላከለትን ምግብ በኦክስጅን እያቃጠለ ነው። ኦክስጅን ቢገባ ኤንዛይሙ ይሞታል፣ ባይገባ ባክቴሪያው ይራባል።

ቀዩ ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ሌግሄሞግሎቢን ኦክስጅኑን አፈፍ አድርጎ ይይዝና ለባክቴሪያው በልኩ ያቀርብለታል። ቡና የምታፈላ ሴት ጀበናውን አንሥታ ለእንግዳ አትሰጥም፤ በሲኒ፣ በሲኒ ነው የምታድለው። ልክ እንደዚያ። ስለዚህ ውስጡ ቀይ ወይም ሮዝ የሆነ ጉጥ ሥራ ላይ ነው። ነጭ ከሆነ ወይ ገና አልጀመረም ወይ መሥራት አልቻለም። አረንጓዴ ወይም ቡናማ ከሆነ አርጅቷል፣ ቀዩ ቀለም ፈርሷል ማለት ነው። የባቄላ ጉጥ የሚያድገው በጫፉ ስለሆነ ጫፉ ሮዝ ሆኖ መነሻው አረንጓዴ ቢሆን አያስደንቅም፤ የአኩሪ አተርና የቦሎቄ ግን ክብ ነው፣ ጫፍ የለውም።

ለመመርመር ጥሩው ጊዜ አበባ ላይ ነው፤ እሸት ላይ ትንሽ ዘግይተሃል። ሆኖም የመካከለኛው አሁንም ቀይ ከሆነ ጥሩ ሠርቶላችኋል።

ደግሞ በሽታ መስሎኝ ነበር ብለህ አትፈር። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ጣሊያናዊው ማርቼሎ ማልፒጊ ሲስለውም እንደ ሕመም ዕባጭ ነበር የቆጠረው። ነገሩ የተፈታው በ1886 ነው፣ በሁለት ጀርመናውያን፣ ሄልሪጌልና ቪልፋርት። ባክቴሪያውን ለይቶ ያሳደገው ሆላንዳዊው ቤየሪንክ ደግሞ በ1888።

ጡረተኛው ዳባት | መስከረም 20፣ ጠዋት 1:15

እንደምን አደራችሁ ልጆች። ማታ ስትጫወቱ ተኝቼ ነበር። ብዙ ዓመት የልማት ሠራተኛ ሆኜ በዚያ አገር ዞሬያለሁ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ልጠይቅ። የወገራ ልጅ፣ ያ የጠቆረው ቦታ ላይ አምና ወይ ካቻምና በረት ነበረ?

የወገራ ልጅ | 2:30

ጋሼ፣ አባቴ ጋ ደወልኩ። ሁለት ክረምት በረት ነበረበት፤ ዘንድሮ ነው ወደ ማዶ ያዛወሩት። አባቴ "ማን ነገራቸው?" ብሎ ደነገጠ፤ ጠንቋይ የጠየቅኩ መሰለው።

ጡረተኛው ዳባት | 2:52

ጥንቆላ የለበትም፤ የሁለት ዓመት ሽንትና እበት ነው። ባቄላ አፈሩ ውስጥ የተዘጋጀ ናይትሮጅን ካገኘ ጉጥ መሥራቱን ይተወዋል። ቤቱ እንጀራ ሞልቶ ማን ከጎረቤት ይበደራል? ብዙ ዩሪያ የተረጨበት ባቄላም እንዲሁ ነው፤ ስንቱ ገበሬ ለስንዴ ከገዛው የተረፈውን ባቄላ ላይ በትኖ ጉጡን እንዳስተኛው እኔ ነኝ የማውቅ። አሁን ሂድና የላይኛውን ቅጠል ሳይሆን ፍሬውን ቁጠር። ወደ ቅጠል ሄዶ ይሆናል፣ ነፋስ ሲመጣም ይተኛል።

ታችኛው ደግሞ የውሃ ነገር ነው። ቦዩ ሞልቶ ወደ ማሳው ይመለሳል አይደል? መምህሩ ማታ እንዳሉት ባክቴሪያው ኦክስጅን ይፈልጋል፤ ውሃ የተኛበት አፈር ውስጥ አየር የለም። ቢጫነቱ ከዚያ ነው። መድኃኒቱ ውሃ ማጠንፈፍ ነው፣ ገበያ የሚገዛ አይደለም።

የማክሰኚቱ | 3:05

ተረታሁ። ቃሪያዬን ግን አሁንም ኔማቶድ ነው የበላው።

መምህር ባዮ | 3:44

ጋሼ ያሉት ላይ ትንሽ ልጨምር። ሰው ባቄላውና ባክቴሪያው "ተዋደው ይኖራሉ" ሲል እሰማለሁ። እኔ ለተማሪዎቼ መጋዞ ነው የምላቸው። ባለመሬቱ ባቄላው ነው፤ ምግቡንና ማደሪያውን ይሰጣል። አራሹ ባክቴሪያው ነው፤ ምርቱን፣ ናይትሮጅኑን፣ ያስረክባል። ባለመሬት ደግሞ ሰነፍ አራሽ አይወድም። በ2003 በፈረንጅ የወጣ አንድ ጥናት አለ፤ አኩሪ አተር ሥር ላይ ያሉ ጉጦችን ናይትሮጅን በሌለበት አየር ውስጥ አስቀመጧቸው፣ ባክቴሪያው ቢፈልግም መሥራት እንዳይችል። ተክሉ ምን አደረገ? ለእነዚያ ጉጦች የሚደርሰውን ኦክስጅን ቀነሰባቸው፤ ባክቴሪያዎቹም እንደሌሎቹ አልተባዙም። ፍርድ ቤት አልሄደም፣ ሽማግሌም አልላከም።

በረቱ ቦታ ላይ የሆነውም ይኸው ነው። ባለመሬቱ ጎተራው ሞልቷል፤ መጋዞ ምን ያደርግለታል?

ደንቢያ ሽምብራ | 4:10

ይቅርታ፣ ክሩን ልጠልፈው ነው። እኛ ቆላ ድባ አካባቢ ዋልካው ውሃውን ሲጨርስ ሽምብራ ልንዘራ ነው፣ በዚህ ሳምንት። ሕያው ማዳበሪያ (ዘር ላይ የሚቀባውን የባክቴሪያ ዱቄት) ግዙ እየተባልን ነው። እኔ ደግሞ ዘመዶቼ ዳባት ባቄላ አላቸው፣ ከዚያ ማሳ አንድ ኩንታል አፈር አምጥቼ ብበትን አይሻልም? በነጻ ነው።

መምህር ባዮ | 4:31

ሐሳቡ መጥፎ አይደለም፤ ፓኬት ሳይመጣ በፊት በውጭ አገርም ከአሮጌ ማሳ አፈር እያጓጓዙ ይበትኑ ነበር። ግን የባቄላው ባክቴሪያ ሽምብራን አያውቀውም። ባቄላ፣ አተር፣ ምስርና ጓያ በአንድ ዓይነት ራይዞቢየም ይግባባሉ። ሽምብራ የራሱ አለው፣ አኩሪ አተርም የራሱ። ሥሩ የሚልከው መልእክት ለየቅል ነው፤ ለሌላው ቢጮህ አይሰማውም። የዳባት አፈር ስትጭን የዳባት አረምና በሽታ ትጭናለህ፣ ሌላ የምታተርፈው የለም።

በዚያ ላይ ደንቢያ ሽምብራ የዘራው ዛሬ አይደለም። አፈራችሁ ውስጥ የሽምብራ ባክቴሪያ ሊኖር ይችላል። ሕያው ማዳበሪያው እነሱን በልጦ ሥሩ ላይ ቦታ ማግኘት አለበት፣ ሁልጊዜ አይበልጥም። ማሳህን ለሁለት ከፍለህ ግማሹን ብቻ ሞክር። አበባ ላይ ከሁለቱም ወገን አሥር አሥር ነቅለህ ክፈላቸው።

መተማ ሜዳ | 5:02

እኔ በአኩሪ አተር የሆነውን ልንገራችሁ። እኛ ሰሊጥና ማሽላ ነው ያደግንበት፤ አኩሪ አተር ለመሬታችን እንግዳ ነው። መጀመሪያ ዓመት ዘሩን ብቻ ዘራሁ። እስከ ጉልበት መጣና ቢጫ ሆኖ ቆመ። ነቅዬ ባይ አንዲት ጉጥ የለችም! ሥሩ እንደተላጨ ራስ ነው። ባክቴሪያው አገሩ ላይ ስለሌለ ማን ይምጣለት።

ሁለተኛው ዓመት ሕያው ማዳበሪያ ገዛሁ። አሁንም ቢጫ። ኋላ ነው የገባኝ። የገዛሁበት ሱቅ ፓኬቶቹን ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ከጨው ማዳበሪያ ጋር ደርድሮ ነበር የሚያስቀምጠው። የመተማን ፀሐይ ታውቁታላችሁ፤ ውስጡ ያለው ሕይወት ቀድሞ ሞቷል፣ እኔ ጥቁር ዱቄት ነው የገዛሁት። ማን እንደሸጠልኝ መናገር አያስፈልግም። ሦስተኛው ዓመት ቀኑን አንብቤ፣ ከቀዝቃዛ ቦታ ገዝቼ፣ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ ወሰድኩት። ያን ዓመት ሥሩን ስነቅል ሽምብራ የሚያካክል ክብ ክብ ነገር ተንጠልጥሎበታል፤ ቅጠሉም ጠቆረ።

ደንቢያ ሽምብራ | 5:15

ወንድሜ፣ አቀባቡንስ እንዴት አደረግከው? እኛ ጋ ያለው አንዱ በደረቁ ዘሩ ላይ ነስንሶ ዘራው።

መተማ ሜዳ | 5:40

በደረቁማ በማግስቱ ነፋስ ይበላዋል። ውሃ ውስጥ ስኳር በጥብጠህ ዘሩን ለስለስ ባለ ልክ ታረጥበዋለህ፣ እንዳይረጥብ ብለህ አትፍራ፣ ግን አይዋኝ። ከዚያ ዱቄቱን አፍስሰህ ፍሬው ሁሉ ጥቁር እስኪለብስ በእጅህ ታገላብጠዋለህ። ይኼ ሁሉ ጥላ ሥር ነው። ጥቂት አናፍሰህ በዚያው ቀን ትዘራዋለህ፣ እግር በእግርም አፈር ታለብሰዋለህ። ፀሐይ ላይ ክፍት ሆኖ የሚቆይ ዘር ከኔ ሁለተኛ ዓመት አይሻልም። ፀረ ተባይ የታሸ ዘር ላይም አትቀባው፣ ያው መግደልህ ነው።

ሳጥናው | 5:52

ስኳር በተወደደበት ዘመን! መተማ ዕጣን ሞልቷችሁ የለ፣ በሱ አጣብቁታ።

መተማ ሜዳ | 6:01

ዕጣን በውሃ አይሟሟም ወንድሜ። የግራር ሙጫ ግን ይሆናል፣ ከስኳርም የተሻለ ይይዛል ይላሉ። ዕጣኑን ለቤተ ክርስቲያን ተውልን።

ሂሳብ ሹም | ከቀኑ 8:20

ሁላችሁም ባቄላውን ስታሞግሱ ዋላችሁ። "ባቄላ መሬት ያሰባል" የሚለውን ግን እስቲ በቁጥር እንየው። በደምሳሳው ባቄላ ከመሬት በላይ ለሚያበቅለው ለያንዳንዱ 10 ኩንታል ደረቅ ነገር ወደ 20 ኪሎ ናይትሮጅን ከአየር ያስገባል ይባላል። አንድ ሄክታር ላይ ገለባውም ፍሬውም ተደምሮ 40 ኩንታል ቢሆን 80 ኪሎ ነው። አንድ 50 ኪሎ ዩሪያ 46 በመቶው፣ ማለትም 23 ኪሎው ናይትሮጅን ስለሆነ፣ ከሦስት ከረጢት በላይ ማለት ነው። ጥሩ ነው፣ እልል በሉ።

አሁን ወደ አውድማው እንሂድ። ከ40ው 20 ኩንታሉ ፍሬ ነው እንበል። የባቄላ ፍሬ ከመቶ 25 ገደማ ፕሮቲን ነው፣ ይኼ ወደ 4 በመቶ ናይትሮጅን ይሆናል። 20 ኩንታል ሲባዛ በ4 በመቶ፣ 80 ኪሎ! የገባው ሁሉ በከረጢት ተጭኖ ወጣ። ገለባውን ደግሞ ከብት በላው፤ ሥሩንም ነቅለን አብረን ወሰድነው። ለመሬቱ ምን ቀረለት?

ጡረተኛው ዳባት | 8:55

ሂሳብህን አልነቅፍም፤ እኔም በዕድሜዬ መጨረሻ ነው የገባኝ። ግን አንድ ነገር ረስተሃል። ገብስ ቢዘራበት ኖሮ ናይትሮጅኑን የሚያወጣው ከመሬቱ ብቻ ነበር። ባቄላው የራሱን ስለሚያመጣ ቢያንስ የመሬቱን አልጨረሰውም። ገብስን የሚያጠቃው በሽታም አንድ ዓመት የሚያርፍበት አጥቶ ይደክማል። ከባቄላ በኋላ ገብስ የሚያምረው በዚህም በዚያም ነው።

ሥሩን ያልከው ላይ ግን ልክ ነህ። እኔ ገበሬውን ለምኜ ያልተሳካልኝ አንድ ነገር ቢኖር ባቄላን በማጭድ እጨድ፣ አትንቀል የሚለው ነው። "ሥሩ ከቀረ ለማረሻ ያስቸግራል" ይሉኛል። ጉጡና ሥሩ እዚያው ቢበሰብስ ለሚቀጥለው ሰብል ነው። እበቱንም ቢሆን ከብቶቹ ያደሩበት ቦታ ብቻ ነው የሚያገኘው፤ ለዚያ ነው የናንተ ላይኛው የጠገበው።

እማማ ሽሮ | 9:12

እኔ ሽሮ አዘጋጅቼ ነው የምሸጥ፣ ዳርቻ ሆኜ አነብ ነበር። የወገራ ልጅ፣ ምርቱ ሲገባ ከመካከለኛው ማሳ ሁለት ኩንታል ያዝልኝ፣ በቀዩ የበቀለውን። ሂሳቡን ከሂሳብ ሹም ጋር እንነጋገራለን።

የወገራ ልጅ | 9:30

እሺ እትዬ፣ ለአባቴ እነግረዋለሁ። ወንድሜ ደግሞ መድኃኒቱን ትቶታል፤ በገንዘቡ አካፋ ሊገዛ ነው፣ ለቦዩ።

የወገራ ልጅ | ታኅሣሥ 26፣ ከምሽቱ 2:40

ክሩን ከሞት ላስነሣው። ባቄላው ታጭዶ ተወቅቷል።

ጋሼ እንዳሉት ላይኛው በጥቅምት ነፋስ ግማሹ ተኛ። ቁመቱን ያየ ጎተራ ይሞላል ይል ነበር፣ ሲወቃ ግን ገለባው ተራራ ሆነ፣ ፍሬው ከመካከለኛው አነሰ። አባቴ "ለከብቶቹ ነው የዘራነው፣ መጀመሪያም የእነሱ ነበር" አለ። ታችኛው ቦዩ ዘግይቶ ነው የተከፈተለት፣ እንደሆነው ሆነ። እማማ ሽሮ፣ ሁለት ኩንታልዎ ተለይቷል።

የነቀላው ነገር ጠብ አስነሣ። እኔ በማጭድ እንጨድ አልኩ፣ ወንድሜ "አንተ ታርስልኛለህ?" አለኝ። አባቴ በመጨረሻ መካከለኛውን ማሳ ከላይ እስከ ታች ለሁለት ከፈለው። በቀኝ ያለው በማጭድ ታጨደ፣ በግራ ያለው ተነቀለ። ወሰኑ ላይ ድንጋይ ደረደርን። ሰኔ ላይ ሁለቱንም አንድ ዓይነት ገብስ ይዘራባቸዋል፣ ማዳበሪያውም እኩል።

ልጆቹን ግን አበላሽተናቸዋል። ያገኙትን ሥር ሁሉ በጥፍራቸው እየከፈሉ "ቀይ ነው! ነጭ ነው!" ይላሉ። ትንሿ አብሽ ሳይቀር ነቅላ አባቴ ጋ አምጥታ ነበር፤ እናቴ አባረረቻት።

መምህር ባዮ | 3:05

አብሹ ቀለሙ ምን ነበር?

የወገራ ልጅ | 3:07

ሮዝ 😄

ጡረተኛው ዳባት | 3:31

ገብሱ ዘለላ ሲያወጣ፣ ነሐሴ ላይ፣ እመጣለሁ። ትራንስፖርቴን ራሴ እችላለሁ፣ ቡናውን እናትህ ታፍላ። ድንጋዩን ግን አደራ፣ ልጆቹ እንዳያነሡት፤ የቀኝና የግራውን ነገር ከወንድምህ ጋር ዳግመኛ መከራከር አልፈልግም።